ጋሽ ሸምሱ እና የኖራው መስመር

ዛሬ ጠዋት ሐያት ደወለችልኝ። «ኮች ሞቱ» አለችኝ።

ሌላ አሰልጣኝ መስሎኝ ነበር። ሐያት የጋሽ ሸምሱ የልጅ ልጅ ናት፤ እሳቸውን ከሜዳ ውጭ «አባባ» እንጂ ሌላ ስትላቸው ሰምቼ አላውቅም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ቆይቼ መልሼ ደወልኩላት። «የኛ ኮች» አለች። ለሱብሒ ሶላት ሲቀሰቅሷቸው አልነቁም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ 18 ማዞሪያ ላይ አግኝቻቸው ነበር። ግማሽ ከረጢት ኖራ በብብታቸው ይዘው ታክሲ ይጠብቃሉ። ለእሁድ ጨዋታ ነው አሉኝ። ልያዝልዎት ብላቸው፣ ግራ ተመላላሽ በነበርክ ጊዜ እንዲህ ፈጠን ብትል ኖሮ ስንት ጨዋታ ባሸነፍን ብለው ሳቁብኝ። እኔም ስቄ ተለየኋቸው።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ሸምሱ ኮልፌ ውስጥ ከጎሚስታው ጀርባ ባለው አፈር ሜዳ ላይ የሰፈር ልጅ ሲያሰለጥኑ ያረጁ ሰው ናቸው። ትልቅ ክለብ ይዘው አያውቁም። ኑሯቸው ከቤታቸው ደጃፍ ካለችው ሱቅ ነበር። እኔን አሰልጥነዋል፤ ልጄንም አሰልጥነዋል። በኋላ ደግሞ የሴቶች ቡድን አቋቋሙ።

የሜዳውን መስመር ማስመር ለማንም አይሰጡም። ታቹን በምስማር የበሱትን የድልህ ጣሳ ኖራ ሞልተው፣ ጎንበስ ብለው እየነቀነቁ ሜዳውን ይዞሩታል። ንፋስ ካለ ግማሹ ኖራ ሱሪያቸው ላይ ይቀራል። መስመሩ አንድም ቀን ቀጥ ብሎ አያውቅም። በጎሚስታው በኩል ሁልጊዜ ያጋድላል። አጋደለ ያላቸውን ሰው ግን ጣሳቸውን እየነቀነቁ ያልፉታል።

ሐያትን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። እናቷ ቀኑን ሙሉ መርካቶ ስለምትውል፣ ልጅቷ ከአያቷ ጋር ሜዳ ትውል ነበር። ስታድግ የሴቶቹ ቡድን በረኛ ሆነች። ሐሜት ወዲያው ተነሳ። አያቷ ባይሆኑ ማን ያሰልፋት ነበር ተባለ። የተቀያሪዋ በረኛ እናት ደግሞ ከኋላ ማማቱን ትታ ሜዳ ድረስ መጥታ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ሸምሱ አልተቆጡም። በጫማቸው ጫፍ መስመሩን አሳዩአት።

«ከዚህ ኖራ ወዲያ ዘመድ የለኝም» አሏት።

ይህችን አነጋገር ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። እሳቸውም ጠበቋት። ሐያት ልምምድ ካረፈደች ትቀመጣለች፤ ለሌሎቹ የሚያልፉትን ለእሷ አያልፉም። እሷም ኖራውን ከረገጠች «ኮች» ብላ አንቱ ትላቸዋለች። ጨዋታው አልቆ ከመስመሩ ሲወጡ ቦርሳዋን ይቀበሏታል፤ ሳምቡሳ ይገዙላታል፤ ጭቃ የበላውን ጫማዋን ቤት ወስደው ራሳቸው ያጥባሉ። ተሸንፋ ስታለቅስ እንኳ መጀመሪያ መስመሩን ያሻግሯትና ከዚያ ነው የሚያባብሏት።

አንድ እሁድ ከሳንሱሲ ከመጣ ቡድን ጋር ሲጫወቱ እኔም ነበርኩ። ያሸነፈ ለዋንጫ ያልፋል። እኩል ለእኩል ሆነው ሊያልቅ ሲል ሐያት ኳስ ልትይዝ ወጥታ ከአጥቂዋ ጉልበት ጋር ተጋጨችና ወደቀች። ፊሽካ አልተነፋም። ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መስመሩ ላይ ቆመዋል። አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ልጅቷ ከወደቀችበት «አባባ» ብላ ተጣራች።

ኖራውን መሻገራቸውን ያወቁ አይመስለኝም። በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ደረሱ። ኳሷ ደግሞ ወደ ባዶው ጎል እየተንከባለለች መንገዳቸው ላይ ነበረች። መትተው አወጧት። ሆን ብለው ጎል አዳኑ የሚል እስከ ዛሬ አለ። እኔ እንዳየሁት ኳስ መሆኗንም አላዩም።

ዳኛው የእሳቸው ተማሪ ነበር። ሐያት ታጥባ ስትቆም ጠብቆ «ይቅርታ ጋሼ» አለና ቀይ ካርድ አወጣባቸው። ፍጹም ቅጣት ምትም ሰጠ። ጋሽ ሸምሱ አንድ ቃል ሳይከራከሩ ወጥተው ተመልካቹ መሃል ቆሙ። ያቺ የተቀያሪዋ እናት እዚያው ነበረች።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ኖራው የት ሄደ?» አለቻቸው።

«አሁን ውጭ ነኝ» አሏት። ከዚያ «ሐያትዬ፣ የኔ እናት፣ አይዞሽ» እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮሁ። ስንት ዓመት የያዙት ነገር ነበር። ሴትየዋም አብራቸው መጮህ ጀመረች።

ሐያት ኳሱ ወደተመታበት አቅጣጫ ነው የተወረወረችው፤ ግን አልደረሰችበትም። ተሸነፉ። ጋሽ ሸምሱ ቦርሳዋን ይዘው እየሳቁ ወደ ቤት ሄዱ።

ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ያሰለጠኗቸው ሰዎች፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው አያት የሆኑ፣ ቃሬዛውን እየተቀያየሩ ተሸከሙ። ዳኛውም ነበር። ስንመለስ ሐያት ድንኳኑ አጠገብ ተቀምጣለች፤ የትናንቱ ኖራ በሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው። የእሁዱ ጨዋታ እንደማይቀርና ጣሳውን እሷ እንደምትይዝ ነገረችኝ።

ጠዋት ለምን «ኮች» እንዳለችኝ ጠየቅኋት።

«አባባ ሞተ ማለት አቃተኝ» አለችኝ።

ጋሽ ሸምሱ፣ እሁድ መስመሩን ሐያት ታሰምረዋለች። በጎሚስታው በኩል ቢያጋድልባት ማንም አይናገራትም። ኖራውን ስትረግጥ የሚቆጣት ኮች አይኖርም። እርስዎ አሁን ውጭ ነዎት፤ እንደ ልብዎ ስሟን ይጥሩ። አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎት፤ ደህና ይሁኑ ጋሼ።