ሁለት ባዶ ሳጥኖች

በሆስፒታሉ የምስል ክፍል ስሟን የሚጠራ የለም፤ «ቀስ በሉ» ነው የሚሏት። ሕመምተኛ ከጋሪ ወደ ኤምአርአይ ማሽኑ ሲዛወር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፏ ያልጠፋ ቃል ነውና። ከሥራ መልስ ስታቲስቲክስ ተምራ ዘንድሮ የመርሳት በሽታ ጥናቱን ትንተና ተረከበች። የጥናቱ ጥያቄ በሽታው ቀድሞ የሚጎዳው የትኛውን የአንጎል ክፍል ነው የሚል ነው። መልሱ ከተገኘ አዲሱ መድኃኒት በዚያው ክፍል ላይ የሚፈተሽበት ሁለተኛ ዙር ይፈቀዳል። ታላቅ ወንድሟ ጋሼ በጥናቱ ከተመዘገቡት አርባ ሕመምተኞች አንዱ ነው፤ መድኃኒቱ እንደሚደርሰው ነግራዋለች።

ክፍሉ ሁለት ማሽን ነበረው፤ አሮጌው አፈ ሰፊ፣ አዲሱ አፈ ጠባብ። አንዱን አንጎል ሁለቱም ቢያነሱት ምስሉ ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ ፋክቶሪያል የሚባለውን ንድፍ መረጠች። ነገሩ ሲያዩት ደስ ይላል፤ አራት ሳጥን ያለው ሰንጠረዥ ነው። ወደ ጎን ሕመምተኛና ጤነኛ፣ ወደ ታች አሮጌና አዲስ ማሽን። በአራቱም ውስጥ ሰው ካለ የበሽታውን ጥፋት ከማሽኑ ጠባይ መለየት ይቻላል፤ እንዲያውም ማሽኑ በሕመምተኛና በጤነኛ ላይ ጠባዩን ይለዋውጥ እንደሆነም ይታወቃል። ከአንዲት ሰንጠረዥ ይህን ሁሉ ማግኘት እሷን መቼም አይሰለቻትም።

ቁጥሩን ሞላች። ሕመምተኛ በአሮጌው አርባ፣ በአዲሱ ዜሮ። ጤነኛ በአሮጌው ዜሮ፣ በአዲሱ ሠላሳ ስምንት።

ሁለት ሳጥን ባዶ ቀረ። ማን በየትኛው ማሽን እንደሚነሳ የምትመድበው ራሷ ነበረች። መጀመሪያ የገባው ጋሼ በጠባቡ ውስጥ ተጨንቆ ሲጮህ አንጀቷ አልቻለም፤ ምስሉ ሳይነሳ አወጣችው። ከዚያ ወዲያ ሕመምተኛን ሁሉ ወደ ሰፊው፣ ጤነኛን ሁሉ ወደ ጠባቡ ላከች። ለደግነቷም ተመስግናበታለች።

የጥናቱ ኃላፊ ሐኪም ሰንጠረዡን አገላብጦ አየው። «ቀስ በሉ ስትይ ከርመሽ አንቺው ቸኮልሽ» አላት፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። አሮጌው ማሽን ተፈታቶ ከተወሰደ መንፈቅ ሆኖታል። አሥራ ሁለት ሕመምተኞች መልሰው ጠርተው በጠባቡ ሞከሩ፤ ሳይንቀሳቀሱ የጨረሱት ሁለት ብቻ ናቸው። በሁለት ሰው ምን ይነጻጸራል? በስሌት ማረም አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቃት። በሽታውን ባነሳች ቁጥር ማሽኑም ተያይዞ እንደሚነሳ፣ ሁለቱን የሚለያይ ስሌት እንደሌለ አስረዳችው።

«የማሽኑን ነገር ሳንጽፍ ብንተወውስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሕመምተኛውና የጤነኛው ልዩነት እንደሆነ ጎልቶ ወጥቷል። ማን ይጠይቃል?»

«ልዩነቱ የማሽኑ ከሆነ መድኃኒቱን የምንፈትሸው በማይሆን ቦታ ነው፣ ዶክተር። ያውም በእነ ጋሼ ላይ።»

የበሽታውንና የማሽኑን ውጤት መለየት እንዳልተቻለ በሪፖርቱ ላይ ጻፈች፤ እሱም ፈረመ። በሳምንቱ ሁለተኛው ዙር ተሰረዘ።

ቤት ስትገባ ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። መድኃኒቱ መቼ እንደሆነ ጠየቃት።

«አይመጣም፣ ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እጇን ይዞ፣ ግድ የለሽም፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም ብሎ አጽናናት። ጫማዋን አውልቃ፣ ውሃ ጥዳ ስትመለስ ቀና ብሎ አያት።

«እህቴ፣ መድኃኒቱ መቼ ነው?»

አጠገቡ ተቀምጣ እንደገና ነገረችው።