ሰባት ዓመት በአንድ ቀን የታጨደ ሰሊጥ

ውባንች ፊደል የቆጠረችው አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር በተሠራ ዳስ ውስጥ ነው። ሌላው ስሙን መፈረም ሲችል ደብተሩን ለበርበሬ መጠቅለያ አደረገው። እሷ ግን ሰሊጧ መቼ እንደተዘራ፣ መቼ እንደታጨደ ሰባት ዓመት ሙሉ ጻፈችበት። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም፤ ሲዘገዩበት አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይፈሳል። የእሷ ፈሶ አያውቅም። አጨዳው ከመንደሩ ደቦ ቀን እንዲገጥም አዘራሯን ታሰላው ነበር።

ጓድ አዱኛ የሚባል የወረዳ ሹም ደብተሩን ለሳምንት ብሎ ተዋሳት፤ ኋላ «አይጥ በላው» አላት። አመነችው።

በ1979 የሸንጎ ምርጫ ሲደርስ አዱኛ እጩ ሆኖ ቀረበ፤ ሸሕዲ ከተማ ላይ ሕዝብ ተሰበሰበ። ዲፕሎማ ያገኘበትን የሰሊጥ ጥናት «ላቤን አንጠፍጥፌ የደረስኩበት» እያለ ያነብ ጀመር። ውባንች የራሷን የደብተር ቃል በሰው አፍ ሰማች። ድካሟስ ይሁን፣ ስሟ የት ገባ? በሰው ወርቅ ሲደምቅ ዝም ብላ ልታየው ነው?

«ከ1972 እስከ 78፣ በየዓመቱ አጨዳው የተጀመረው መስከረም 20 ነው» ሲል ግን ፈገግ አለችና እጇን አወጣች።

«ጓድ አዱኛ፣ ሰባቱንም ዓመት በሃያ?»

«በጥናት የተረጋገጠ ነው፣ እናቴ።»

«በ77 መስከረም ሃያ እሁድ ነበር። በሰንበት ማጭድ ያነሳ ማን ነው?»

«እውነቷን ነው! ያን ዕለት የገብርኤል ጽዋ እኔ ቤት ነበር» አሉ አዛውንቱ አያ ሸጋው።

«እኔ የጻፍኩት ‹ከገብርኤል ጽዋ ማግስት› ብየ ነው» አለች ውባንች። «እሳቸው ገብርኤል አሥራ ዘጠኝ፣ ማግስቱ ሃያ ብለው ቆጠሩት። የኛ ማኅበር ግን ጽዋውን ወደ እሁድ ያሸጋግራል። እዚያው ደቦ ተማክረን ሰኞ እናጭዳለን። በ73 አጨዳው ሃያ ስድስት ላይ ነበር የዋለ። አይጡ ይህን አልነገራቸውም!»

ገበሬው በሳቅ አውካካ። አዱኛ «የታይፒስቷ ስህተት ነው» ብሎ ተንተባተበ፤ የሰማው የለም።

መድረኩን የሚመሩት የኢሠፓ ሰው እስክሪብቷቸውን አነሱ።

«ስምሽ ማን ነው?»

ሳቁ ቀጥ አለ። በዚያ ዘመን በስብሰባ መሀል ስሙን የተጠየቀ ሰው ቤቱ ላይገባ ይችላል። አያ ሸጋው ነጠላዋን ጎተት አደረጉ። ውባንች ግን ስትጠብቀው የኖረችው ይህንኑ ጥያቄ ነበር።

«ውባንች ፈረደ አምባው» አለች፣ ዳር ያለው ሁሉ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «መጀመሪያ ጥናቱ ላይ ይጻፉልኝ። ከዚያ ወዲያ በፈለጉት ወረቀት ይድገሙት።»