ቃል የሌለው ሸክላ

ሜክሲኮ አንድ ካፌ ተቀምጬ ሳለሁ አጠገቤ ያሉ ልጆች በስልካቸው የድሮ ድምፅ አልባ ፊልም ከፈቱ። ያ ጥድፍድፍ የሚል ፒያኖ ሲጀምር እነሱ ሳቁ፤ እኔ ግን ሳላስበው ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ።

ልደታ በነበረው ቤታችን እንዲህ ያለ ሙዚቃ የተቀዳበት ሸክላ ነበረን። በደርግ ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ አብዮት ጠባቂዎች ለአሰሳ መጡ። ሳል የጠናበት አጎቴ ኮርኒሱ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ለእኔ ግን አገር ቤት ሄዷል፣ ላይ የሚንኮሻኮሸውም አይጥ ነው ተብዬ ነበር። አባባ በሩን ከመክፈቱ በፊት ሸክላውን አስጀምሮ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ይሄ ደግሞ ምን እያለ ነው?" አለ ጠመንጃ ያነገተው።

"ምንም አይል፣ ጓድ። ቃል የለውም፤ የድሮ ፊልም ሙዚቃ ነው።"

ሰውየው አልጋ ስር አየ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ተመለከተ። እማማ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው።

"እዚያ ላይ አይጥ አለ" አልኩት፣ ልረዳው ብዬ።

ፒያኖው ብቻ ይጣደፋል። ሰውየው ዓይኑን ከኮርኒሱ አንስቶ ሳቀ።

"አይጥ የሌለበት ቤት የት አለ፣ ሚጣ?"

ሲወጡ እማማ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። "አጥፋው በቃ፤ ሄደዋል" አለችው። አባባ ግን መርፌውን አንስቶ ሸክላውን እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረው።

"ተይው፤ እስቲ ላይ ያለው ልጅ እንደ ልቡ ይሳል።"

ወዲያው ከላይ ታፍኖ የቆየ ረጅም ሳል መጣ። አጎቴን በሳሉ አወቅኩት።

ዛሬ እሱ በደህና አርጅቷል። ፒያኖ ሲሰማ ግን አሁንም አፉን በእጁ ይይዛል።