የሐናን ምላስና የእኔ

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ከዘበኛው ከጋሼ ይመር ጋር ሳወራ፣ የማዳም ልጅ ሐናን ከኋላዬ ቆማ ትሰማኝ ነበር... አላየኋትም። ዘወር ስል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ሮጣ ቤት ገባች።

ለምን እንዳለቀሰች እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ነገሩ የሆነው ኻርቱም፣ አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር ነው። ሞባይል ገና በሁሉም እጅ ያልገባበት ጊዜ። ከወሎ ሄጄ እዚያ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ይቀረቀራል። ሀገር ቤት እያለሁ የሰፈር ልጅ ሁሉ መቀለጃ ነበርኩ። ኻርቱም ስገባ ግን ተገላገልኩ... ዝም ስል ሁሉም ሰው ዐረብኛ አታውቅም ብሎ ያስባላ። እኔም ተመቸኝ። የማይዙኝን ቃላት መረጥኩ። «ሓዲር»፣ «ኣይዋ»፣ «ላ»... እሺ፣ አዎ፣ አይ ማለት ነው። የቀረውን በጣቴ ማሳየት ነው። ማዳም ለእንግዶቿ «መስኪና፣ ቋንቋ አይገባትም» ትላለች። ወላሂ እኔ ሕልሜን እንኳ በዐረብኛ ማየት ጀምሬ ነበር።

ሐናን ደግሞ... እንደ እኔው ትንተባተባለች። ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ መልከ መልካም ልጅ ናት። ምላሷ ግን ከእኔ ምላስ ጋር መንታ ነው።

አንደበቱ በተፈታ ሰው ቀንቼ አላውቅም። እሱ ሌላ ፍጥረት ነው፤ ወፍ በረረ ብሎ ማን ይቀናል። በሐናን ግን አንጀቴ አረረ። እሷ አፏን ስትከፍት ቤቱ ጸጥ ይላል። አባቷ ጋዜጣቸውን ያስቀምጣሉ። ማዳም፣ እኔን ጨው አምጪ ብላ ዘወር እስክል የማትታገሠዋ ሴትዮ፣ ልጇ አንዲት ቃል እስክትጨርስ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። በሳምንት ሁለቴ አስተማሪ ቤት ድረስ እየመጣች አተነፋፈስ ታስተምራታለች።

እኔ ያን ሰዓት ኮሪደሩን እወለውላለሁ... የወለወልኩትን ኮሪደር እንደገና። የሰማሁትን ወጥ ቤት ገብቼ ለመጥረጊያዬ እለማመዳለሁ። አንድ ቀን ሐናን አንድ ሙሉ ነገር ሳይዛት ተናግራ እናቷ እልል አለች። እኔም በዚያው ሰሞን «ሽንኩርቱ አልቋል» ብዬ ቀጥ አድርጌ ተናግሬ ነበር። ለመጥረጊያው።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልመለስ። ጋሼ ይመር የሀገሬ ሰው ናቸው፣ ታጋሽ ናቸው፤ ከእሳቸው ምላሴን አልደብቅም። እህቴ ልትዳር መሆኑን ስነግራቸው፣ «ሽ-ሽ-ሽማግሌ ተ-ተልኮ...» ስል ነው ሐናን የደረሰችው። አማርኛ አታውቅም። መንተባተብ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። ለዘበኛው እሷን እያስመሰልኩ የማስቃቸው መሰላት።

ወዲያው ተጠራሁ። ሳሎን ስገባ እናት፣ አባትና ልጅ ተቀምጠዋል።

«በልተሽ በምታድሪበት ቤት፣ በልጄ ታሾፊያለሽ?» አለች ማዳም።

እኔም እንደ እሷ ነኝ ማለት ነበረብኝ። በዐረብኛ ሁለት ቃል ነው፣ «ኣና ከማን»።

«ኣና ከ-ከ-ከ-ከ...»

ማዳም ብድግ አለች። «አያችሁ? ፊቴ ቆማ ትደግመዋለች» አለች። «ያላ፣ ልብስሽን ሰብስቢ።»

ከዚያ ቤት ብወጣ ማደሪያ የለኝም። የመኖሪያ ወረቀቴም በእነሱ ስም ነው። ቃሉን ለማውጣት ስታገል ሐናን ጎንበስ ብላ እግሬን ማየት ጀመረች። ቃል ሲይዘኝ የእግሬ ጣቶች ይታጠፋሉ፣ ነጠላ ጫማውን ጭብጥ ያደርጋሉ። የሚያሾፍ ሰው አፍ ነው የሚያስመስለው... የእግር ጣት ማንም አያስመስልም። ለካ እሷም እንደዚያው ናት።

«ዩማ» አለች እናቷን። «ኸ-ኸ-ኸሊሃ።» ተያት ማለቷ ነው።

ማዳም ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሦስት ሰው እኔን ጠበቀ።

«...ከማን» አልኩ።

እልል ያለ የለም። አባትየው ብቻ «ላ ሐውላ...» ብለው ፈጣሪን ጠርተው አንገታቸውን ደፉ። ማዳም ልብስ ሰብስቢ ማለቷን እንደ ረሳች ሆና ሻይ አምጪ አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ ሐናን ወጥ ቤት መጣች።

«ታ-ታድለሽ» አለችኝ።

ተሳስቼ የሰማሁ መሰለኝ።

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ሐናን፣ ንገሪያቸው፣ ተ-ተለማመጂ› እባላለሁ። ሰው ሁሉ አፌን ነው የሚያየው። አንቺን ማንም ተናገሪ አይልሽም። ም-ምነው በተቀያየርን።»

ደሜ ፈላ። የራሴ የምለው ዝምታዬ ብቻ ነበር፣ እሱንም ተመኘችው። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት... ያዘኝ። እሷ ምድጃው አጠገብ ተደግፋ ጠበቀች። ቃሉን ልጨርስልሽ አላለችም።

«አ-አ-አንቺ እብድ ነሽ» አልኳት በመጨረሻ።

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አሁንም ቅናቱ አለቀቀኝም፤ ማን እንደ እሷ አስተማሪ አለው።

በማግስቱ ጠዋት ማዳም «ሻዩ ፈላ?» አለችኝ። እንደ ወትሮዋ ፊቷን አዙራ መሄዷ ነው ስል... ቆመች። ዓይኔን እያየች ትጠብቀኛለች።

«ኣይዋ» በሕይወቴ ይዛኝ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን፣ ወላሂ፣ ሆን ብዬ አስረዘምኳት።