ከኋላዬ የተተከለው ሩዝ

ነሐሴ ላይ የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ሩዙና አረሙ መንትያ ይመስላሉ። የሚለዩት ቅጠሉ ከአገዳው በሚገጥምበት ቦታ ነው፤ ሩዙ እዚያ ላይ ጥቂት ፀጉር አለው፣ አረሙ ልሙጥ ነው። እናቴ በጣቷ ዳብሳ ትለየው ነበር። እኔ ያኔ አተኩሬ ካላየሁ አላውቀውም ነበር።

አንድ ክረምት ወረታ ካለው ሥራዬ ፈቃድ ወስጄ ላግዛት ሄድኩ። ስልኬን በደረት ኪሴ ይዤ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ አያለሁ። የረባ ነገር አልነበረውም፤ የማላውቀው ሰው ሠርግ፣ የማይመለከተኝ ጭቅጭቅ። ዓይኔ እዚያ ላይ ሆኖ ግራ እጄ ግን መንቀሉን አያቆምም።

ወገቤን ላቃና ቀና ብዬ ዞር ስል እናቴ የራሷን መስመር ትታ በእኔ መስመር ስትከተለኝ አየኋት። እኔ የነቀልኩትን ሩዝ ከአረሙ መሀል እየለቀመች መልሳ ጭቃው ውስጥ ትተክላለች። ወገቧን ያማት ነበር።

«ግድ የለም ልጄ፣ ሥር ይይዛል» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ክረምት ሳታይ አረፈች። አሁን ማሳውን የማርመው እኔ ብቻ ነኝ። ስልኬን ቤት ጥዬ እወጣለሁ፣ እያንዳንዱን አገዳ ዳብሼ ነው የምነቅለው። ዛሬ ሥራ የሚያስፈታኝ ስልክ አይደለም። ጥቂት በነቀልኩ ቁጥር ዞር ብዬ ከኋላዬ አያለሁ።