ለማኅበር የወጣው አረቄ

ደብረ ታቦር ዳር፣ በአያ ደምሌ ዝፍት ቤት ሥራ የጀመርሁ ቀን ቅጥራን ፊቴ ላይ ተረጭቶ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም። አያ ደምሌ እየሳቁ፣ "አሁን ባለሙያ መሰልህ" አሉኝ። ሙያው ግን ዓመታት ወሰደብኝ።

ሥራችን ከጥድ ሥር የሚወጣውን ቅጥራን ማጥራት ነበር። ቅጥራኑ ከሰልና አመድ ይዞ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ተጣርቶ በወጣ ብርቱ አረቄ እናሟሟዋለን፤ በሦስተኛው ቀን ቆሻሻው ሲዘቅጥ ላዩን በሸማ እናጠልለዋለን። ትኩስ አመድ ላይ አረቄው ቀስ ብሎ ሲተን ንጹሕ ዝፍት ይቀራል። ቆዳ ቢቀቡት ዝናብ አያስገባም። አረቄው ውሃ ከገባበት ግን ቆሻሻው አይለይም። ስለዚህ አስቀድሞ ጥጥ ነክሮ መለኮስ ነው። ጥጡ ራሱ ከነደደ አረቄው ደኅና ነው።

አንድ ክረምት መምሬ አየለ የወንጌላችንን የቆዳ ማኅደር ቀቡልኝ ብለው አመጡ። መጽሐፉን ይዘው በዝናብ ገሳይ ድረስ ሊሄዱ ነው። ደብራችን ያለው ወንጌል እሱ ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት የማኅበር ተራዬ ደረሰና መጠጡ መሀል ላይ አለቀብኝ። ማኅበሩን በደረቁ ሸኘ ከምባል ብዬ ከሥራ ቤት አንድ ማሰሮ አረቄ አወጣሁ፤ የጎደለውን በውሃ ሞላሁት። መምሬም ማኅበርተኛ ናቸው። ጠጥተው "ቤትህ ይሙላ" ብለው መረቁኝ።

በማግስቱ አያ ደምሌ፣ "ማኅበሩ እንዴት ነበር? አረቄውንስ ፈተንኸው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ነደደ" አልሁ። ጥጡን አልነካሁትም።

ዝፍቱ ሻካራ ወጣ። አያ ደምሌ ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔን አምነው ቀቡት።

መምሬ ከገሳይ ሲመለሱ ማኅደሩን ፊታችን አስቀመጡት። ቅቡ ተሰነጣጥቋል። ብራናው ርሶ ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ ተደባልቋል።

"ደምሌ፣ ምን በደልሁህ?" አሉ እያለቀሱ።

አያ ደምሌ እግራቸው ላይ ወደቁ። "አባቴ፣ የቀባሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ግን ከእንግዲህ እጅህ አይገባም።"

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ዛሬም ሳስበው በኀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

መምሬ ሲሄዱ አያ ደምሌ ከተረፈው አረቄ ጥጥ ነክረው ለኮሱ። አልነደደም። ጥጡን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

"ማኅበሩ ጠገበልህ?" አሉኝ።

እስኪሞቱ ነገሩን አላነሱብኝም። መምሬም እውነቱን ሳልነግራቸው አረፉ።

በዝፍት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ጥጡን ሳትለኩሱ ቅጥራን አትንኩ። አረቄ ካጎደላችሁም በውሃ አትሙሉት፤ ጎድሏል በሉ።