ሞታቸውን የተነበይኩባቸው ሰው

ይህ የሆነው አምና ጥቅምት ላይ ነው። ዓመት አልፎትም ቢሆን፣ ስልኬ ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ያ ቅዳሜ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። ያኔ አንድ ክፉ ልማድ ነበረኝ። የታዋቂ ሰዎችን ሞት እከታተል ነበር። መከታተል ብቻ ሳይሆን ቀድሜ እተነብይም ነበር። አንድ አንጋፋ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ሽልማቱን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲቀበል ካየሁ «እኚህ ሰው ዓመቱን አይጨርሱም» እላለሁ። የሸሚዛቸው ኮሌታ አንገታቸው ላይ ሲሰፋ፣ ጋዜጠኛው ጥያቄውን ሲደግምላቸው ልብ እላለሁ። ሦስት ጊዜ ያልኩት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የፈረቃ ጓደኞቼ «ነቢይት» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ይህን ስትሰማ «በነቢይነት አይቀለድም» ብላ ተቆጥታኛለች። እውነቱን ለመናገር ግን ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።

ከተነበይኩባቸው አንዱ ጋሽ ይመር ናቸው። የዱሮ የሬዲዮ ኳስ ተራኪ ናቸው። እሳቸው ጨዋታ ሲያስተላልፉ አባቴ ቤት ውስጥ ማንንም አያስተነፍስም ነበር። መልካቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ድምፃቸውን ግን በእኛ አገር የማያውቅ የለም። መስከረም ላይ ታመዋል ሲባል ሰምቼ «ገናን አያዩም» አልኩ።

ያን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከሥራ ስወጣ ስልኬን ከፈትኩ። አንድ የማላውቀው ገጽ «አንጋፋው ጋሽ ይመር ዐረፉ» ይላል። ከሥሩ የወጣትነት ጥቁርና ነጭ ፎቶአቸው አለ። ላጣራ እንኳ አላልኩም። ፎቶውን ወስጄ «የቦሩ ሜዳው ልጅ ጋሽ ይመር ዐረፉ። እኔ ቀድሜ ተናግሬ ነበር» ብዬ ገጼ ላይ ለጠፍኩት። ጓደኞቼ የፋብሪካው በር ላይ አጨበጨቡልኝ። ሰው ሞተ ተብሎ ሲጨበጨብልኝ ምንም አልከበደኝም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰልፌ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ ከአውሮፕላን ማረፊያ የመጡ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ትንሽ ሻንጣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። የሐረጎን ዳገት ሳንጀምር ወሬውን ለተሳፋሪው ሁሉ አዳረስኩት።

«ስንት ዓመታቸው ነበር?» አለች ከኋላ ያለች ሴትዮ።

«ሰማንያ ሁለት» አልኩ፣ እንዳነበብኩት።

«ሰባ ስድስት» አሉ ሽማግሌው።

«አይ አባባ፣ እዚህ ተጽፏል እኮ!»

«ይጻፍ ልጄ። ወላሂ፣ እኔ ሰባ ስድስት ነኝ።»

ያንን ድምፅ አወቅኩት። የልጅነቴ ሬዲዮ አጠገቤ ተቀምጦ እያወራኝ ነበር። መኪናው ውስጥ ሳቁ ፈነዳ። ሾፌሩ ሳይቀር መኪናውን ጥግ አስይዞ ዞሮ አያቸው። ጋሽ ይመርም አብረው ሳቁ። እኔ ብቻ መግቢያ አጣሁ።

ሳቃቸው ድንገት ቆመ። «እህቴ!» አሉ። ታላቅ እህታቸው ዘሃራ ከደሴ አለፍ ብሎ ቦሩ ሜዳ ነው ያሉት። ድንገት ደርሰው ሊያስደስቷቸው ሳይናገሩ ነው የመጡት። «የደም ግፊት አለባት። ይህን ከሰማች አትተርፍልኝም።»

የእሳቸው ስልክ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር በእኔ ስልክ ደወሉ። ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ደገሙት፣ ሠለሱት። በመሃል ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። አንዱ ከጽሑፌ ሥር «ቦሩ ሜዳ እህታቸው ቤት ድንኳን ተተክሏል፤ አላህ ይዘንላቸው» ብሏል። ወዲያው የለጠፍኩትን አጠፋሁት። ድንኳኑ ግን በጣት የሚጠፋ አልነበረም።

ድንኳን መተከሉን ነገርኳቸው፤ ወሬውን እኔም መለጠፌን ግን ደበቅኩ። ሾፌሩ «አብሽሩ፣ እኔ አደርስዎታለሁ» አለ። ደሴ ሌላውን ተሳፋሪ አወረደና እኛን ይዞ ቀጥታ ወደ ቦሩ ሜዳ ነዳው። ከኋላ የነበረችው ሴትዮ «ይህን ሳላይማ ቤቴ አልገባም» ብላ አልወርድም አለች።

ለቅሶው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ጋሽ ይመር ከአጥሩ ውጭ ቆሙና «ድንገት ብገባ በድንጋጤ ትወድቅብኛለች። አንቺ ቅደሚና ቀስ አድርገሽ ንገሪያት» አሉኝ።

ገባሁ። እማማ ዘሃራ መሃል ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው አብጧል። ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ። «እማማ፣ ወንድምዎ አልሞቱም።»

«አዎ ልጄ» አሉ ራሴን እየዳበሱ። «ደግ ሰው ነበር፤ ጀነት ነው ያለ።»

«ጀነት አይደለም እማማ፣ በር ላይ ናቸው!»

ሴቶቹ በሐዘን ያበድኩ መስሏቸው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሉኝ ጀመር። ጋሽ ይመር ውጭ ሆነው አላስቻላቸውም። በዚያ በሬዲዮ ድምፃቸው «ዘሃራ! አታልቅሺ፣ መጥቻለሁ!» አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ያሉ አንድ ጎረቤት ተቆጥተው ተነሡ። «በለቅሶ ቤት ሬዲዮ የከፈተው ማነው? ዝጉት!»

ሬዲዮው ሻንጣውን እንደያዘ ገባ።

የዚያን ጩኸት ዓይነት ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ገሚሱ ሸሸ፣ ገሚሱ ወደ እሳቸው ተንጋጋ። እማማ ዘሃራ ግን አልወደቁም። ተነሥተው የወንድማቸውን ደረት በጡጫ ደለቁት። «ገደልከኝ! ገደልከኝ እኮ አንተ!» እያሉ አንገታቸውን አነቁና አልለቅም አሉ። «አልሃምዱሊላህ» ሲባል፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ እኔም «ጌታ ሆይ ተመስገን» እያልኩ አለቀስኩ። ሾፌራችን ውጭ ክላክሱን ያስጮኻል።

ሁሉም ረጋ ሲል ሬዲዮ ዝጉ ያሉት ጎረቤት «የአንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ፌስቡክ ላይ እኮ ነው ያነበብነው። እንዲህ ያለችዋን ማሰር ነበር» አሉ። ጋሽ ይመር ዞር ብለው አዩኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

ተነሥቼ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «ሳላጣራ ነው። ይቅር በሉኝ።»

እማማ ዘሃራ «ነይ ወዲህ» አሉኝ። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ለለቅሶ ከተቀቀለው ንፍሮ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። «ብይ። ይህ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ እመጣለሁ እያለ ሲያታልለኝ ኖሯል። ዛሬ እሱንም አገኘሁ፣ ዘመዴም ሁሉ ተሰብስቧል። ይልቅ አሁን በሕይወት አለ ብለሽ ጻፊ።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ጋሽ ይመር በሕይወት አሉ። ቦሩ ሜዳ ንፍሮ እየበሉ ነው።» እፍኝ ሙሉ ንፍሮ ይዘው ሲስቁ ያነሣኋቸውን ፎቶም አያያዝኩ። እስኪመሽ ድረስ ጋሽ ይመር የዚያን ቀን ለቅሶ እንደ ኳስ ጨዋታ ሲተርኩልን፣ ማን እንደሸሸና ማን እንደተደናቀፈ ሲያስተላልፉ፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ሞት ተንብዬ አላውቅም። ያን ቀን ሳስታውስ በመጀመሪያ አፍራለሁ፤ ወዲያው ግን ሳቄ ይመጣል። ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ብሆንም፣ እህትና ወንድም ተቃቅፈው አልላቀቅ ሲሉ ለማየት እዚያ በመገኘቴ ደስ ይለኛል። ጋሽ ይመር ዛሬም ደህና ናቸው። ይህን የምጽፈውም ትናንት በስልክ አነጋግሬያቸው፣ አስፈቅጃቸው ነው።